በኅዳር ጽዮን ወደ ቱሉ ጉዶ፦ ከጅማ ተነስቶ ደሴት ላይ ማደር

ቀይ እሸት
ጤና ይስጥልኝ የጅማ ሰዎች። ዘንድሮ ለኅዳር ጽዮን ቱሉ ጉዶ ለመሄድ አስበናል። ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ካሉት አምስት ደሴቶች ትልቋ ናት። የምንሄደው አክስቴ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ ነን። አክስቴ ስእለት አለባት። ወንድሜ ከሐይቁ የወጣ ትኩስ ዓሣ ነው የሚያስበው። እኔ ግን ሰዎቹን ማየት እፈልጋለሁ። ዛዮች ለዘመናት ደሴት ላይ ኖረው ቋንቋቸውንም ሃይማኖታቸውንም ይዘው ቆይተዋል። ይህን ሁሉ እየሰማሁ አድጌ አንድም የዛይ ሰው ቤት ቡና ጠጥቼ አለማወቄ ያንገበግበኛል።

ችግሬ ጊዜው ነው። ኅዳር እኛ ቤት የቡና ለቀማ ነው። ቀይ እሸቱ ከደረሰ ሰው አይጠብቅም። ካልተለቀመ ዛፉ ላይ ይደርቃል፣ ይረግፋል። ለቃሚ ደግሞ በዚህ ወቅት እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ከኅዳር 18 በፊት ንቅንቅ ማለት አልችልም፤ በ23 ደግሞ ቤቴ መገኘት አለብኝ። ይበቃል? ደሴቷ ላይ ማደሪያ አለ? ጀልባው ለትልቅ ሰው ይሆናል? አክስቴ ጉልበቷን ያማታል። የሄደ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ደምበል ዳር
እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ጅማ ላይ ሆኖ የሚጠይቅ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኛል። እናቴ የቱሉ ጉዶ ልጅ ናት። እኔ ያደግኩት ባቱ ነው (ዝዋይ ከተማ ማለቴ ነው)። ሥራ ነው ጅማ ያመጣኝ።

ቀኑን በደንብ መርጠሻል። ኅዳር 21 የደብረ ጽዮን ማርያም ዓመታዊ በዓል ነው። ቤተ ክርስቲያኗ የደሴቷ አናት ላይ ናት። ዛሬ ብዙው ዛይ የሚኖረው ደሴት ላይ አይደለም። ባቱ፣ መቂና በሐይቁ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ነው። በዚያ ቀን ግን ዘመድ ከየአለበት ይሰበሰባል። በሌላ ቀን ብትሄጂ ጸጥ ያለ መንደርና ጥቂት ሽማግሌዎች ታገኛለሽ። በጽዮን ብትሄጂ ሕዝቡን ታገኛለሽ።

ጀልባውን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እነግርሻለሁ። የምትሻገሪው ጠዋት ይሁን። ደምበል (የዝዋይ ሐይቅ ሌላ ስሙ ነው) ሰፊ ነው፤ ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጥልቀቱ ግን በጣም ትንሽ ነው። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ9 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲመታው ቶሎ ይቆጣል። ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ነው፤ ጀልባውን ያንገጫግጨዋል። ኅዳር ላይ ጠዋት ሐይቁ እንደ ሰሌዳ ዝርግ ይላል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሳል። የአክስትሽን ጉልበት የሚጎዳው ይህ መንገጫገጭ ነው እንጂ ርቀቱ አይደለም። በሞተር ጀልባ እንደ ነፋሱና እንደ ጭነቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

ጀልባ ከወደቡ ከልጆቹ ትከራያላችሁ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው፤ ሐይቁን የሚያውቀው እዚያው ያደገ ልጅ ነው። ዋጋውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ። ደርሶ መልስ መሆኑን፣ አድሮ የሚጠብቃችሁ ወይም በማግስቱ ተመልሶ የሚመጣ መሆኑን ለይታችሁ ጨርሱ። የመንሳፈፊያ ጃኬት ጠይቁ። ከሌለው ሌላ ጀልባ ፈልጉ። በበዓል ዋዜማ ሰው ስለሚበዛ ከአቅሙ በላይ የሚጭን አይጠፋም። እንዲህ ያለ ጀልባ ላይ አትውጡ፤ የሚቀጥለውን ጠብቁ።

ማደሪያን በተመለከተ ሆቴል አትጠብቂ። ድንኳን ወይም ቀላል ፍራሽና ብርድ ልብስ ይዛችሁ ሂዱ። በዓሉ ላይ እንግዳ ውጭ አያድርም፤ ቤት ይገኝላችኋል። ብርድ ልብሱን ግን ሰው ይሰጠናል ብላችሁ አትተዉት።

መምህር ከአጋሮ
ልጄ፣ ሐሳብሽ መልካም ነው። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ይህን ሁሉ መንገድ ከሄዳችሁ አይቀር ለምን ጣና አትሄዱም? ደቅ ደሴት አለች፣ ዳጋ እስጢፋኖስ አለ፤ የእነ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የእነ ዐፄ ፋሲለደስ አፅም ያረፈበት ነው። ታቦተ ጽዮንም አክሱም ከመግባቷ በፊት ጣና ቂርቆስ እንደቆየች ይነገራል። ታሪክ ለሚወድ ሰው ከዚያ በላይ የት አለ?

ቀይ እሸት
መምህር፣ ለምክርዎ አመሰግናለሁ። ጣና ለእኛ ሁለት ችግር አለው። አንደኛው ርቀቱና የወቅቱ መንገድ ነው። ሁለተኛው ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባባቸውም። ከሦስታችን ሁለታችን ሴቶች ነን፤ የአክስቴን ስእለት ይዤ ወደብ ላይ መቆም አልፈልግም። ደግሞ ገዳም ብቻ ሳይሆን ቤተሰብ የሚኖርበት፣ ልጅ የሚያለቅስበት፣ እህል የሚወቃበት ደሴት ማየት ነው የምፈልገው።

ደምበል ዳር
መምህር፣ እርስዎ ያነሱት የታቦተ ጽዮን ነገር እኛም ጋ አለ። የኅዳር 21 ክብር ቱሉ ጉዶ ላይ ልዩ የሆነውም በእሱ ነው። እንደ አባቶች ትውፊት ዮዲት ጉዲት አክሱምን ስታቃጥል ካህናቱ ታቦቷን ይዘው ወደ ደቡብ ሸሹ። ያረፉት ደምበል ደሴት ላይ ነው። በ9ኛው ወይም በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መሆኑ ነው። ጊዜው ሲረጋጋ ታቦቷ ተመለሰች፤ ከካህናቱ አንዳንዶቹ ግን ቀሩ ይባላል። ዛይ የእነሱ ዘር ነኝ ይላል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግራኝ ጦርነት ጊዜም ከየብሱ የሸሸ ሰው ደሴቶቹ ላይ ተጠልሏል። ያኔ የተሸሸጉ የብራና መጻሕፍት ዛሬም በገዳሙ አሉ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ደሴቶቹ ከመሃል አገር ጋር እንደገና ሲገናኙ መጻሕፍቱ ከነሰዎቹ እዚያው ተገኙ።

የቋንቋ ሊቃውንት ደግሞ ዛይኛን የሚመድቡት ከስልጢኛና ከሐረሪኛ ጋር ነው። እንግዲህ የሰዉ ምንጭ አንድ ብቻ አይደለም። ከአክሱምም፣ ከጉራጌም፣ ከሸዋም የመጣ ተቀላቅሏል። ለእኔ ይህ ትውፊቱን አያሳንሰውም። ያ ሁሉ ሰው መጠጊያ ያገኘው አንድ ሐይቅ ላይ መሆኑ ነው የሚገርመኝ።

መምህር ከአጋሮ
በደንብ አስረዳኸኝ፣ ተባረክ። እንግዲያው መንገዳችሁ የቀና ይሁን። ከአክስትሽ ጋር ግን በአንድ ቀን ባቱ እገባለሁ እንዳትዪ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ባቱ ደግሞ ወደ 160 አለ። የግልገል ጊቤና የጊቤ ቁልቁለት ብቻውን ትልቅ ሰው ያደክማል። በ18 ተነስታችሁ አዲስ አበባ እደሩ። በ19 ከቃሊቲ መናኸሪያ ባቱ ግቡና እረፉ። በ20 ጠዋት ሐይቁን ተሻገሩ። በ22 ጠዋት ከደሴቷ ከወጣችሁ በ23 ማታ ቡናሽ ጋ ነሽ። አንዳንዱ ከወልቂጤ በቡታጅራ አቋርጦ ባቱ ይገባል። ያ ግን መኪና ለያዘ ሰው ነው። በሕዝብ ማመላለሻ መውረድና መሳፈሩ ይበዛል። ከመነሳታችሁ በፊትም ሹፌሮቹን ስለ መንገዱ ጠይቁ። የዕለቱን ሁኔታ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሂርማታ
አሰላሙ አለይኩም። በጨዋታችሁ መሃል ስለገባሁ ይቅርታ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የጅማ መርካቶ ልጅ። የዛይን ነገር ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ከአንድ የዶርም ጓደኛዬ ሰምቼ ልቤ ቀርቷል። እሱ አሁን ውጭ ነው። በበዓሉ ቀን ብሄድ ቅር ይላቸዋል? በሌላ ቀን ይሻለኛል? እንግዳ ሆኜ ሰው ማስቸገር አልፈልግም።

ደምበል ዳር
ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። ማንም ቅር አይለውም። ከሐይቁ ማዶ ያለው ጎረቤታችን አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ አብረን ነው የምንገበያየው፣ አብረን ነው የምናለቅሰው። ቅዳሴው ላይ ከቅጥሩ ውጭ ዛፍ ሥር ትቀመጣለህ። ታቦቱ ሲወጣ እንደማንኛውም ሰው ቆመህ ታያለህ። የተከለከለ ቦታ ካለ ይነግሩሃል።

ደግሞ ልብ በል፣ ጊዜው ለአንተ ይመቻል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ስለዚህ በ21 ሥጋ የሚባል ነገር የለም። የሙስሊም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ የሚል ጥያቄ አይነሳም። ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመን፣ ቡና። ከሁሉም ጋር አንድ ትሪ ላይ ትበላለህ። እኔ ልጅ ሆኜ የአባቴ ሙስሊም ጓደኞች ለበዓል ቤታችን መምጣት የሚወዱት በጾም ወቅት ነበር። እናቴም በዚያ ቀን ነበር የልቧ የሚሞላው፤ ለማን ምን ላቅርብ የሚል ጭንቀት የለባትም።

ቀይ እሸት
ወንድሜ ይህን ሲያነብ ፊቱ ጠቆረ። ዓሣስ?

ደምበል ዳር
ዓሣ ላይ አባቶች አይስማሙም። ዓሣ በጾም ይበላል የሚል አለ። እንደ ሥጋ ነው፣ አይበላም የሚል አለ። ደሴቷ ላይ ብዙዎቹ አዛውንቶች በነቢያት ጾም አይቀምሱም። አጥምዶ ይሸጣል እንጂ አይበላም። ወንድምሽ ሰው ቤት ገብቶ ዓሣ አምጡ እንዳይል። በ19 ማታ ባቱ ሲያድር ይብላ። እዚያ ሞልቷል፤ የተጠበሰውም፣ የዓሣ ጉላሹም። ቆሮሶ ይዘዝ። አምባዛና ካርፕ ይበዛል፤ ቆሮሶ ግን እንደ ድሮው አይደለም። በጠባብ ዓይን መረብ ጫጩቱ ሳይቀር ስለሚወጣ ነው።

ነርሷ
እኔ ጅማ የማክም ነርስ ነኝ፤ ከዝዋይ አካባቢ የመጣ በሽተኛ አይቼ አውቃለሁ። ስለ ጤና ሁለት ነገር ልበል። ኅዳር ዝናቡ ካቆመ በኋላ ያለ የወባ ወቅት ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር፣ በዚህ ወር ያለ አጎበር አትደሩ። አጎበር ቀላል ነው፤ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካላችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ። ቶሎ ተመርመሩ፤ ዝዋይ እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩት።

ሁለተኛው ውኃው ነው። ደምበል ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ የሚኖረው ዳር ዳር ባለው ሣር መሃል ባለች ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥቶ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ መጠጣት አያስፈልግም። ስለዚህ ከጀልባ ስትወርዱ በባዶ እግር ዳር ላይ አትቁሙ፤ ልጅ እንኳ ሲዋኝ ብታዩ አትግቡ። ለእነሱ የየቀን ኑሯቸው ስለሆነ አማራጭ የላቸውም፤ እናንተ ግን አላችሁ። የመጠጥ ውኃ ከባቱ ያዙ። አክስትሽ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ከሚበቃት በላይ ይዛ ትሂድ። ነፋስ ጀልባውን አንድ ቀን ቢያስቀረው ደሴቷ ላይ መድኃኒት ቤት አትፈልጉ።

ወፍ ወዳጅ
ማንም ወፎቹን አላነሳም! ኅዳር ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ የሚደርሱበት ጊዜ ነው። ባቱ ወደቡ ላይ አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ልቃሚ እየጠበቁ ሰው መሃል ቆመው ታያላችሁ። ከሰው አይሸሹም። ፔሊካኖቹ ደግሞ ጀልባ ሲመለስ ይከተላሉ። ጀልባው ላይ ስትሆኑ ቀና ብላችሁ ዓሣ በል ንስሩን ፈልጉ። ነጭ ራስ፣ ቡናማ ሆድ፣ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ደሴቶቹ ጥግ ሣሩ በሚበዛበት ጉማሬ አለ። ጀልባ ነጂው ራቅ ብሎ ሲዞር እንቅረብ ብላችሁ አትገፋፉት። ጉማሬ ውኃ ውስጥ ሲሆን ምን ያህል እንደቀረባችሁት አታውቁም።

የአየር ሁኔታውን በተመለከተ፣ ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,636 ሜትር ላይ ነው። ከጅማ ብዙም ዝቅ አይልም። ቀን ፀሐዩ ይበረታል፣ ሌሊት በነፋሱ ምክንያት ይበርዳል። ጋቢ ያዙ።

ካሜራ
እኔ ፎቶግራፍ አንሺ ነኝ። ይህ ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ቀን ነው የሚመስለው። ነጭ ለባሽ ሕዝብ፣ ሐይቅ፣ የብራና መጻሕፍት። ድሮን ይዤ ብሄድ ፈቃድ የሚሰጠው ማነው? መጻሕፍቱን ገልጠው ያሳያሉ?

ደምበል ዳር
ወንድሜ፣ ይህን በደንብ ልንገርህ፤ አትቀየመኝ። ድሮኑን ቤትህ ተወው። ሕጉ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያም ቢቀር ሰዎቹ ስእለታቸውን ለማድረስ እያለቀሱ ባሉበት ሰዓት ከራሳቸው በላይ የሚጮህ ነገር ማብረር ነውር ነው። ከዚህ በፊት የመጡ ሰዎች አሉ። ሽማግሌ ሳያስፈቅዱ ፊቱ ላይ ካሜራ ደቅነው፣ ሴቶቹ ውኃ ሲቀዱ ከጀርባ ቀርጸው ሄደዋል። ሥዕሉን እንኳ ማንም አላየውም። የእናቴ አክስት ከዚያ በኋላ እንግዳ ስታይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስባለች። እሷን እንዲህ ያደረጋት ሰው ስሙን እንኳ አልተናገረም።

ፎቶ አንሳ። ግን መጀመሪያ ቁጭ በል። ቡና ጠጣ፤ ማን እንደሆንክ ተናገር። ከዚያ ጠይቅ። ያኔ ራሳቸው «እዚህ ጋ ቆመን አንሳን» ይሉሃል። ያነሳኸውን አሳትመህ በሚቀጥለው ዓመት ወይም በሰው ላክላቸው። መጻሕፍቱን ማሳየት የካህናቱ ፈንታ ነው። በበዓል ቀን ሥራ ስለሚበዛባቸው እምቢ ቢሉህ አትጫን። ካሳዩህም በጣትህ አትንካ፣ ፍላሽ አታብራ።

ካሜራ
አልተቀየምኩም። ድሮኑ ይቀራል። ፎቶ ማተሚያ አለኝ፤ ያነሳሁትን በሙሉ አትሜ አንተ በኩል እልካለሁ። ቃሌ ነው።

አባያ
እኔ ደግሞ የሌላ ደሴት ወሬ ላምጣ። ከጅማ በጭዳና በተርጫ አድርጎ ሶዶ፣ ከዚያ አርባ ምንጭ የሚያወጣ መንገድ አለ። አባያ ሐይቅ ውስጥ ትልቋ ደሴት ጊዲቾ ናት። ባይሶዎችና ሃሮዎች ይኖሩባታል፤ ሁለት ሕዝብ፣ ሁለት ቋንቋ፣ አንድ ደሴት። ሃሮዎች ድሮ በጉማሬ አደን የታወቁ ናቸው። እዚያም ብዙው ሰው ወደ ዳር ወጥቷል። የቱሉ ጉዶን ወሬ ሳነብ የእኛውኑ ያነበብኩ መሰለኝ። ወጣቱ ትምህርት ፍለጋ ይሻገራል፣ ሥራ ያገኛል፣ ይቀራል። ደሴቷ ላይ የሚቀረው አዛውንቱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጊዲቾን አስቡ። አባያ ላይ ግን አዞ ስላለ በትንሽ ታንኳ አትሻገሩ።

ደምበል ዳር
አባያ፣ በደንብ ነክተኸዋል። የእናቴ ትውልድ እርስ በርሱ የሚያወራው በዛይኛ ነበር። የእኔ ትውልድ ሲሰማ ይገባዋል፣ ሲመልስ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ነው። የልጆቼን ነገር ባልናገር ይሻላል። ቀይ እሸት ለበዓሉ ሂጂ ያልኩሽም ለዚህ ነው። በዚያ ቀን አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይገናኛሉ፤ ዛይኛው ከጠዋት እስከ ማታ ሲፈስ ትሰሚያለሽ።

ሐይቁም ራሱ ያሳስበኛል። ውኃ የሚገባበት ከጉራጌ ተራሮች በሚመጣው በመቂ ወንዝ፣ ከአርሲ ተራሮች በሚመጣው በካታር ወንዝ ነው። የሚወጣው በቡልቡላ ወንዝ ነው፤ ቡልቡላ አቢያታ ሐይቅ ይገባል። አሁን በሐይቁ ዙሪያ ለመስኖ፣ ለአበባ እርሻና ለከተማው የሚሳበው ውኃ በዝቷል። ቡልቡላ ሲደክም አቢያታ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ የድሮ ዳርቻው ዛሬ ነጭ ሜዳ ሆኖ ይታያል። ሰው የአቢያታን መሸሽ አይቶ ስለ ደምበል አለመጨነቁ ይገርመኛል። ማሳው የሚለማው፣ ከተማው የሚጠጣው፣ ደሴተኛው የሚያጠምደው ከአንድ ሐይቅ ነው።

ሂርማታ
ደሴቷ ላይ ምን እንደሚመስል ትንሽ ንገረን እንጂ። ከጀልባ ስንወርድ ምን ይታየናል?

ደምበል ዳር
ስትወርዱ መጀመሪያ የምታዩት ታንኳዎቹን ነው። ሐይቁ ዳር ከሚበቅል በጣም ቀላል እንጨት የተሠሩ ናቸው። ግንዶቹን ጎን ለጎን አስረው ፊቱን ወደ ላይ ቀና ያደርጉታል። ውኃ በመሃሉ ሽቅብ ይመጣል፤ የተቀመጠ ሰው መርጠቡ አይቀርም፤ ግን አይሰምጥም። እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ፀሐይ ላይ ያቆሙታል። አያቴ በእንዲህ ያለ ታንኳ እህል ጭኖ ገበያ ይሄድ ነበር።

ከዚያ ቀና ስትሉ እርከኑ ይታያችኋል። ኮረብታው ከታች እስከ ላይ በድንጋይ ካብ ተከፋፍሏል። ካቡ ጉልበት ድረስ ይደርሳል፤ አንዳንዱ ከዚያ ይበልጣል። አፈሩ ጥቂት ስለሆነ አንዲት እፍኝ እንዳትታጠብ ተብሎ የተሠራ ነው። በኅዳር ማሽላና በቆሎ የተሰበሰበበት ማሳ ላይ አገዳው ቆሞ ታገኛላችሁ። በየካቡ መሃል የእግር መንገድ አለ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣው እሱ ነው። ለወጣት ቀላል ነው፤ ለአክስትሽ በቀስታ ነው። በ20 ከሰዓት ፀሐይ በረድ ሲል ትጀምር፤ በየካቡ ላይ አረፍ እያለች ትውጣ። ዱላ ትያዝ። በማግስቱ ጠዋት ከሕዝብ ጋር እየተጋፋች ከምትወጣ በዋዜማው ላይ ወጥታ ማኅሌቱን ሰምታ እዚያው አካባቢ ብታድር ይሻላታል። ብዙ ስእለተኞች እንዲህ ያደርጋሉ።

ከአናቱ ላይ ሲታይ ሌሎቹ ደሴቶች፣ ፀደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ፣ ውኃው ላይ ተበትነው ይታያሉ። በምሥራቅ የአርሲ ተራሮች አሉ። ኅዳር ላይ አየሩ ጥርት ስለሚል ከክረምቱ የተሻለ ይታያል።

ቀይ እሸት
አክስቴ ዋዜማውን ላይ ማደር የሚለውን ስትሰማ እልል ብላለች። እንግዲህ የሚቀረኝ አንድ ነገር ነው። ባዶ እጄን መሄድ አልፈልግም። ከጅማ ሄጄ ቡና ካልያዝኩ ምን እላለሁ? የዘንድሮውን አዲስ ቡና ማድረስ ነበር ምኞቴ።

መምህር ከአጋሮ
ልጄ፣ የዘንድሮው አይደርስም። በኅዳር መጀመሪያ የለቀምሽው እሸት ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ለመድረቅ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ያልደረቀ ጀንፈል መንገድ ላይ ይሻግታል። የአምናውን ተፈልፍሎ የተለቀመ ጥሬ ቡና ያዢ። ቆልተሽ አትውሰጂ። ቆይቶ ሽታው ያልፋል፤ ደግሞም የቡና ቁምነገሩ ሰው ፊት ሲቆላ ነው። እዚያው አብራችሁ ቁሉት።

ደምበል ዳር
መምህር ያሉት ልክ ነው። ጥሬ ቡና ከጅማ! እናቴ ብትሰማ ታለቅሳለች። ሌላ ከጨመርሽ ሳሙና፣ ጨውና ሻማ ያዢ፤ ጧፍና ዕጣን ለቤተ ክርስቲያን። ለልጆች እስክሪብቶና ከረሜላ በየመንገዱ አትበትኑ። ልጁ እንግዳ ባየ ቁጥር እጁን መዘርጋት ይለምዳል፤ ወላጆቹም ያፍራሉ። ደብተር ከያዛችሁ ለትምህርት ቤቱ አስተማሪ ስጡ። የያዛችሁትን ፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛችሁት ተመለሱ። ደሴቷ ላይ ቆሻሻ የሚያነሳ መኪና የለም፤ የተጣለ ሁሉ መጨረሻው ሐይቁ ነው።

የእናቴ ታናሽ እህት ቤቷ ከወደቡ ወጣ ብሎ ካለው ትልቅ ዋርካ አጠገብ ነው። ነግሬያታለሁ። ሦስት እንግዳ ይመጣብሻል ብያት «ሦስት ብቻ?» አለችኝ።

ሂርማታ
እኔም ብጨመር አራት እንሆናለን። ከእናንተ ጋር በ18 ልሳፈር። የአክስትሽን ዕቃ እኔ እሸከማለሁ፣ ኢንሻአላህ።

ቀይ እሸት
ደስ ይለናል። አክስቴ ደግሞ መጀመሪያ የጠየቀችው «ልጁ ምሳ ምን ይበላል?» ብላ ነው፤ የጾም ምግብ መሆኑን ስነግራት ሐሳቧ አረፈ። ኅዳር 18 ንጋት 11 ሰዓት መናኸሪያው በር ላይ እንገናኝ። ቲኬቱን በዋዜማው እቆርጣለሁ፤ ስልክህን በውስጥ መስመር ላክልኝ።

ነርሷ
ሂርማታ፣ አጎበር!

ሂርማታ
ገዝቻለሁ። ድርብ ነው፤ ለአክስትዬም ይበቃል።

ደምበል ዳር
የጀልባውን ልጅ ስልክ በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። የአክስቴ ጎረቤት ልጅ ነው፤ ጃኬት አለው፣ ከመጠን በላይ አይጭንም። በ19 ባቱ ስትገቡ ደውይለት፤ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወደቡ ላይ ይጠብቃችኋል። ከ2 ሰዓት እንዳታሳልፉ።